መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ከእናት ወደ አራስ ልጅ እንዳይተላለፍ ምን ማድረግ ይገባል?

ነፍሰ ጡር ሴት መድኃኒት የተላመደ (የተለመደው መድኃኒት የማይገድለው) ባክቴሪያ በአንጀቷ ወይም በብልቷ አካባቢ ይዛ አንዳች ሕመም ላይሰማት ይችላል፤ ልጁ ግን ሲወለድ፣ አልያም የሽርት ውሃ ቀድሞ ከፈሰሰ ገና በማህፀን ሳለ፣ ተህዋሱን ይቀበላል። ኢ. ኮላይ እና ክሌብሴላ የተባሉት ባክቴሪያዎች ወደ አራሱ ደም ከገቡ፣ በመጀመሪያ የሚሰጡት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች፣ አምፒሲሊን እና ጀንታማይሲን፣ ላይሠሩ ይችላሉ። ክሌብሴላ በአራስ ሕፃናት ክፍል ውስጥ በባለሙያና በአስታማሚ እጅ ጭምር ስለሚዛመት ጥንቃቄው ከእናቲቱ አልፎ ልጁን የሚነካውን ሁሉ ይመለከታል።

መጀመሪያው የእርግዝና ወራት ነው። ሽንት ሲያቃጥል «ባለፈው የተሻለኝ በዚህ ነው» ብሎ ከመድኃኒት ቤት ከመግዛት ይልቅ በክትትል ቦታ ሽንትን ማስመርመር፣ የሚቻል ከሆነም ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚያጠፋው የሚለይ ምርመራ) ማሠራት ይገባል፤ ለጉንፋን የሚወሰድ አሞክሳሲሊን ግን ጉንፋኑን አያድንም፣ የሚተርፈው የተላመደውን ባክቴሪያ ማብዛት ነው። በእርግዝና ወቅት የተወሰደውን እያንዳንዱን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ስሙን፣ ወሩንና የተወሰደበትን የቀን ብዛት በወረቀት ጽፎ ከክትትል ካርዱ ጋር ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ልጁ ቢታመም ሐኪሙ መድኃኒት ሲመርጥ የሚጠቅመው መረጃ ይህ ስለሆነ፣ ከአራስ ልብስ ዝግጅት ያላነሰ ቦታ ሊሰጠው ይገባል።

ከጣና ሐይቅ፣ ከደቅ ደሴት ወይም ከዘጌ፣ የምትመጣ እናት ምጥ እስኪጀምራት ጀልባ ከምትጠብቅ፣ ቀኗ ሲቃረብ ወደ እናቶች ማቆያ ብትገባ ይሻላል። የሽርት ውሃ የፈሰሰበት ሰዓት መመዝገብ አለበት፤ ሳትወልድ 18 ሰዓት ካለፈ፣ ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ፈሳሹ ከሸተተ ለልጁ አደጋው ስለሚጨምር ለአዋላጇ ወዲያውኑ መነገር አለበት። አዋላጇን «እህቴ፣ እጅሽን ታጥበሻል?» ብሎ መጠየቅም ነውር አይደለም። ያለ ችግር በምጥ ለወለደች እናት «ለጥንቃቄ» ተብሎ የሚሰጥ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በዓለም ጤና ድርጅት አይመከርም።

ልጁ እንደተወለደ በእናቱ ደረት ላይ ራቁቱን ይታቀፍ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጥባ፤ እንገሩም ታልቦ አይደፋ። ቅቤ ማዋጥ ይቅር፤ እትብቱም ላይ ቅቤ ሆነ ሌላ ነገር አይቀባ፣ ጤና ጣቢያው ክሎርሄክሲዲን የተባለውን የጀርም ማጥፊያ ከሰጠ በታዘዘው መሠረት እርሱ ብቻ ይቀባ። ገላውን ማጠብ ለ24 ሰዓት ይቆይ፤ ከጣና የተቀዳ ውሃ ከሆነ ደግሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል የመጣ ዘመድ ገንፎውን ይብላ፣ ልጁን ለማቀፍ ግን እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ በዚህ አማት እንኳ ልትቀየም አይገባም።

አራስ ልጅ ደሙ በባክቴሪያ ሲመረዝ ብዙ ጊዜ አያለቅስም፤ ጡት ይተዋል፣ ይዝላል። ሲጠረጠር ልብሱን ገልጦ፣ ሳያለቅስ፣ የሆዱን መነሳትና መውረድ እያዩ ሙሉ አንድ ደቂቃ ትንፋሹን መቁጠር ነው። 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሙቀቱ ከ37.5 በላይ ወይም ከ35.5 በታች ከሆነ፣ ወይም ከተንቀጠቀጠ በዚያው ሰዓት በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ፣ ወይም ባሕር ዳር ወዳሉት ፈለገ ሕይወት አልያም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይወሰድ፤ ሌሊት ነው ተብሎ አይደር።

እዚያም በእርግዝና ወቅት የተወሰዱት መድኃኒቶች የተጻፉበት ወረቀት ለሐኪሙ ይሰጥ፤ የመጀመሪያው መርፌ ከመወጋቱ በፊት ለካልቸር ደም መውሰድ ይቻል እንደሆነም ይጠየቅ፣ ነገር ግን ውጤት እስኪመጣ ተብሎ መርፌው አይዘግይ። በ48 ሰዓት ውስጥ ለውጥ ካልታየ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊቀይር ስለሚችል፣ አስታማሚ ልጁ ስንት ጊዜ እንደጠባና እንደሸና እየመዘገበ በየጉብኝቱ ይንገር። መጥባት ካልቻለ እናቲቱ ጡቷን በታጠበ እጅ አልባ በንጹሕ ኩባያ ትስጠው፤ መርፌውም ልጁ ቢያገግም እንኳ ሐኪሙ ያዘዘው ቀን ሳይሞላ አይቋረጥ።