ትልቅ ቴሌስኮፕ እንዴት ይሠራል? ለድሬና ለሐረር ሰማይ የሚሆን መስታወት መምረጥና ማበጀት

የ400 ሚሊ ሜትር መስታወት፣ ጨለማ የለመደ የሰው ዓይን ከሚሰበስበው ብርሃን ከ3,000 እጥፍ በላይ ይሰበስባል። እንዲህ ያለ ቴሌስኮፕ ተሠርቶ ያለቀ ሲገዛ ዋጋው አይቀመስም። መስታወቱን አሠርቶ ወይም ራስ ፈጭቶ፣ የቀረውን እዚሁ ድሬ እንጨት ቤትና ብየዳ ቤት ማስጨረስ ግን ይቻላል። ቀላል ነው አላልኩም።

አሠራሩ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1668 ከሠራው ብዙም አይለይም። ከታች ጎድጓዳ መስታወት ይቀመጣል። ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ከላይ ያለች ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት ደግሞ ወደ ጎን ታወጣዋለች። እናንተ በጎን በኩል በአይፒስ፣ ዓይን በምታስጠጉባት ትንሽ ሌንስ፣ ታያላችሁ። አለቀ።

ብዙ ሰው "ስንት ኢንች ይሁን?" ብሎ ይጀምራል። እኔ በሌላ ጥያቄ ጀምሩ እላለሁ።

ዓይናችሁ የት ይቆማል?

ድሬዳዋም ሐረርም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ከምናምን ላይ ናቸው። ይሄ ጸጋ ነው። ጁፒተርና ሳተርን እዚህ ከፍ ሲሉ ከአድማስ ከ55 ዲግሪ በላይ ይወጣሉ፤ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ አናት ላይ ይቆማሉ። በግንቦት ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ደግሞ ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለው የከዋክብት ክምችት በደቡብ በኩል ከ30 ዲግሪ በላይ ከፍ ይላል። የአውሮፓ አማተሮች አብዛኞቹ እሱን ከአገራቸው ሆነው አያዩትም።

ጸጋው ግን ዕዳ አለው። ቴሌስኮፕ ወደ አናት ሲቀና አይፒሱ የመጨረሻው ከፍታ ላይ ይደርሳል። የእኛ ሰማይ ምርጡ ቦታ ደግሞ አናት ነው። ስለዚህ እዚህ አገር መሰላል ላይ መንጠልጠል አልፎ አልፎ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ የየማታ ኑሮ ይሆናል። በጨለማ፣ በመሰላል ላይ፣ ከታች ወረፋ የሚጠብቁ የሰፈር ልጆች እየተጋፉ። አይሆንም።

ስሌቱ ቀላል ነው። የመስታወቱን ስፋት በኤፍ ቁጥሩ ስታባዙ የትኩረት ርቀቱን፣ ማለትም ከመስታወቱ ብርሃኑ እስከሚሰበሰብበት ነጥብ ያለውን፣ ታገኛላችሁ። 400 ሚሊ ሜትር በኤፍ 4.5 ማለት 1,800 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ ጎን የሚወጣው ብርሃን ሲቀነስ፣ መስታወቱ ከመሬት ከፍ የሚልበት ሲደመር፣ አይፒሱ 1.70 ሜትር አካባቢ ይሆናል። መካከለኛ ቁመት ላለው ሰው ይህ ትንሽ ዱካ ይፈልጋል። ኤፍ 4 ቢሆን 1.50 ሜትር ገደማ ላይ ይወርዳል፤ እግራችሁ መሬት እንደረገጠ ታያላችሁ።

"እንግዲያው ኤፍ 3 ይሁና!" የሚል አይጠፋም። ኤፍ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ከመሃል ራቅ ያሉ ከዋክብት ጭራ ያወጣሉ። ይህን ኮማ ይሉታል። ጥርት ያለው የመሃሉ ክፍል በኤፍ 5 ወደ 2.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በኤፍ 4 ወደ 1.4 ይወርዳል። ማስተካከያ ሌንስ አለ፤ ግን ሌላ ወጪ ነው። መስታወቶቹን እርስ በርስ ማስተካከሉም ምሕረት የለሽ ይሆናል። የእኔ ምርጫ ለ300 ሚሊ ሜትር ኤፍ 5፣ ለ400 ከኤፍ 4 እስከ 4.5 ነው። ከ400 በላይ ለብቻው ለሚሠራ ሰው አልመክርም።

ማሠራት ወይስ መፍጨት?

ካዘዛችሁ፣ ትእዛዙ ላይ እነዚህ በጽሑፍ ይግቡ፦ ስፋት፣ የትኩረት ርቀትና የሚፈቀደው ልዩነት፣ የብርጭቆው ዓይነት፣ ውፍረት፣ ሽፋን፣ የፍተሻ ውጤት። ብርጭቆው ቦሮሲሊኬት ቢሆን ይመረጣል። በሙቀት የሚለጠጠው የተራ የመስኮት ብርጭቆን ሲሶ ገደማ ብቻ ነው። ለድሬ ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም። 400 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት 11 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ማጓጓዣውን ስትጠይቁ ይህን አስቡ።

ልፈጭ ካላችሁ በ400 አትጀምሩ። መጀመሪያ 150 ወይም 200 ፍጩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በዚህ ሥራ ላይ ይህ ተረት ቃል በቃል ይደርሳል። ከጠረጴዛ ብርጭቆ ወፍራሙን ፈልጉ። "ቴምፐርድ" የተባለውን፣ በሙቀት የጠነከረውን፣ ግን አትንኩ፤ ስትፈጩት ሊፈነዳ ይችላል።

በርሜል ውሃ ሙሉና እንደ ጠረጴዛ አቁሙ። እኩል ስፋት ያለው መፍጫ ከጅብሰምና ከሴራሚክ ቁርጥራጭ አዘጋጁ፤ ጅብሰሙን ውሃ እንዳያበላሸው በደንብ ቀቡት። መሃሉ ላይ ውሃና 80 ቁጥር ሲሊኮን ካርባይድ የሚባለውን መፍጫ ዱቄት ነስንሱ፣ መስታወቱን ከላይ አድርጋችሁ ግፉ፣ ሳቡ። ጥቂት ከገፋችሁ በኋላ መስታወቱን በመጠኑ አዙሩ፣ እናንተም በበርሜሉ ዙሪያ አንድ እርምጃ ሂዱ። መጀመሪያ ጆሮ የሚበላ ድምፅ ያሰማል። ድምፁ ሲለሰልስ ዱቄቱ ደቅቋል ማለት ነው፤ አጥባችሁ አዲስ ነስንሱ። ከላይ ያለው መሃሉ እየጎደጎደ፣ ከታች ያለው እየጎበጠ ይሄዳል። ለ300 ሚሊ ሜትር ኤፍ 5 መሃሉ 3.75 ሚሊ ሜትር ሲጎደጉድ ይበቃል።

ከዚያ 120፣ 220፣ ቀጥሎም ከ25 እስከ 5 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ያሉ ደቃቅ ዱቄቶች ይከተላሉ። በየደረጃው መሃል ሁሉም ነገር ይታጠባል፤ ባልዲው፣ ጥፍራችሁ፣ ሽርጣችሁ ሳይቀር። ከ80 የተረፈች አንዲት ፍሬ የሳምንታት ልፋት ላይ ጭረት ታወጣለች።

ማለስለሱ በቅጥራን ነው። መፍጫው ላይ ቅጥራን ይፈስሳል፣ በካሬ በካሬ ይከፈላል፣ ሴሪየም ኦክሳይድ በሚባል የማለስለሻ ዱቄት ይሠራበታል። የድሬ ሙቀት እዚህ ላይ ጠላት ነው። በቀዝቃዛ አገር የሚሠራው ቅጥራን እዚህ ቀትር ላይ ይለሰልስና ቅርጹን ይለቃል። ጠጣር ዓይነት እዘዙ፣ ሥራውንም ወደ ሌሊት ወይም ንጋት አዙሩት። ሐረር ያላችሁ በዚህ በኩል ዕድለኞች ናችሁ። አውራ ጥፍራችሁን ጫን ስታደርጉት ቀስ ብሎ ምልክት ከያዘ ጥሩ ነው። እንደ ማስቲካ ከገባ አልበሰለም፣ ከተሰነጠቀ ደርቋል።

አሁን መስታወቱ የሉል ቁራጭ ነው። መሆን ያለበት ፓራቦላ ነው፤ የኮከብን ብርሃን በሙሉ አንድ ነጥብ ላይ የሚሰበስብ ቅርጽ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በ300 ሚሊ ሜትር ኤፍ 5 ጠርዝ ላይ ከሁለት ማይክሮን ትንሽ ቢያልፍ ነው። የሚፈለገው ትክክለኛነት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው፤ 70 ናኖ ሜትር ገደማ፣ የፀጉር ውፍረት አንድ ሺኛ። ይህ በእጅ ይሠራል ሲባል ማንም አያምንም። ግን ይሠራል፤ ምክንያቱም ፈረንሳዊው ፉኮ በ1850ዎቹ መጨረሻ የፈጠረው ፍተሻ አለ። ምላጭና ትንሽ መብራት ብቻ ነው የሚፈልገው። መስታወቱ ከትኩረት ርቀቱ እጥፍ ላይ ሆኖ ሲታይ ምላጩ ብርሃኑን ቀስ ብሎ ይቆርጣል፤ የማይታየው ጉብታ ሁሉ ጥላ ይጥላል። ልክ ከመፈተሻችሁ በፊት መስታወቱ ይቀዝቅዝ። የእጃችሁ ሙቀት እንኳ ጉብታ ሆኖ ይታያል።

በመጨረሻ አልሙኒየም ይቀባል፤ ይህ አየር በተመጠጠበት ክፍል ውስጥ የሚሠራ ስለሆነ ላኩት። በብር የሚቀቡም አሉ። የብር ቅቡን ፈሳሽ ግን አዘጋጅቶ ማሳደር ክልክል ነው፤ ሲቆይ ፈንጂ ይሆናል።

ሳጥኑና መቆሚያው

አቦ፣ እዚህ ላይ አትራቀቁ። ኮከብ እየተከተሉ በአንድ ዘንግ የሚዞሩት መቆሚያዎች ዘንጋቸው በእኛ አገር 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ቀና ይላል፤ ተኝቶ ማለት ነው። ብዙዎቹ እዚያ ድረስ አይወርዱም። የሚያዋጣው ጆን ዶብሰን በሳን ፍራንሲስኮ ጎዳና ላይ ለአላፊ አግዳሚው ጨረቃን ያሳይበት የነበረው ዓይነት ነው፦ የኮምፔንሳቶ ሳጥን፣ ፎርማይካ፣ ሳጥኑን የሚያንሸራትቱ ትንንሽ ቴፍሎኖች።

አንድ ጉድለት አለው። አናት ላይ ያለ ነገር ለመከተል ሳጥኑ ብዙ መዞር አለበት፣ የምትገፉበት ጉልበት ደግሞ የለም። ስለዚህ የታች ቴፍሎኖቹን ትንሽ ወደ መሃል አስጠጉ፣ ሳጥኑ ላይም ሁለት እጀታ አብጁ።

ዋናው መስታወት በ9 ወይም በ18 ነጥብ ይደገፍ። በራሱ ክብደት ይታጠፋልና። በብሎን አጥብቆ ማሰር መስታወቱን ያጣምመዋል፤ ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ተዉለት። ለ400 ሚሊ ሜትር ትንሿ መስታወት 80 ሚሊ ሜትር አካባቢ ትበቃለች። ከዋናው ስፋት ሩብ አትለፉ።

የታችኛውን ሳጥን ከላይኛው ክፍል ጋር የሚያገናኙትን ምሰሶዎች ሳትቆርጡ የትኩረት ርቀቱን ራሳችሁ ለኩ። ማታ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ከመስታወቱ ፊት ቆሙና ብርሃኑ ተመልሶ ባትሪው ጎን ላይ ሲጠራ ርቀቱን ለኩ፣ ለሁለት ክፈሉት። ትእዛዙ ላይ ከተጻፈው ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ምሰሶዎቹ የሚፈታቱ ይሁኑ፤ ሳጥኑም በበራችሁ ይለፍ፣ ሚኒባስ ላይም ይውጣ። ዳካታ ድንጋዮች አካባቢ እወስደዋለሁ ካላችሁ በተለይ። ምሰሶዎቹን ዙሪያ የሚሸፍነውን ጥቁር ጨርቅ መኪና ግርግር ላይ ካሉት የሐረር ልብስ ሰፊዎች አንዱ በደቂቃዎች ይሰፋላችኋል። ለምን እንደሆነ ይጠይቃችኋል፤ ተዘጋጁ።

ሙቀትና አቧራ

ቀን ቤት ውስጥ የዋለ መስታወት ማታ ሲወጣ ላዩ ላይ ሞቃት አየር ይንቀሳቀሳል፣ ኮከቡም ይቀልጣል። ከኋላው ባለ 12 ቮልት የኮምፒውተር ማራገቢያ ግጠሙ፤ የሞተር ሳይክል ባትሪ ያንቀሳቅሰዋል። ከማየታችሁ አንድ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ አውጡት።

ቀን ግን ሳይሸፈን ፀሐይ ላይ አይቆይ። 400 ሚሊ ሜትር ጎድጓዳ መስታወት በድሬ ፀሐይ የጎረቤት ፍራሽ ያቃጥላል። ቀልድ አይደለም።

አቧራው አይቀርም፤ በየጊዜው ግን አትጠቡት። ጥቂት አቧራ ምስል አያበላሽም፣ መፈግፈግ ግን ሽፋኑን ይጭራል። መታጠብ ካለበት ቧንቧ ስር በዝግታ አፍስሱበት፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ባለው ውሃ በጥጥ ሳትጫኑ አልፉበት። የመጨረሻው ማጠቢያ የባትሪ ውሃ ይሁን፤ አሲዱ ሳይሆን የተጣራው ውሃ። የድሬ ውሃ ጀበና ላይ የሚተወውን ነጭ ንጣፍ ታውቁታላችሁ፤ መስታወቱም ላይ ይተዋል። ከዚያ በቁሙ አስደግፋችሁ አድርቁት፣ የቀረችውን ጠብታ በሶፍት ጫፍ ንኩ።