የሯጮች በሶን ከ5 ኪሎ ወደ 200 ኪሎ ማሳደግ

በሶ፣ ስኳርና ጨው ደባልቆ ለሯጮች የሚያቀርብ ትንሽ ማምረቻ ምርቱን ሲያሳድግ በዋናነት የሚፈተነው በሁለት ነገር ነው፤ በሙቀትና በድብልቁ ወጥነት። በ5 ኪሎ ሁለቱም አይታዩም።

ምጣድ ላይ የተቆላ 2 ኪሎ ገብስ ቶሎ ይበርዳል። 50 ኪሎ በተሽከርካሪ መቁያ ተቆልቶ ጆንያ ውስጥ ሲገባ ግን መሃሉ ለሰዓታት እንደጋለ ይቆያል፤ ከማሽኑ ከወጣም በኋላ እያረረ ይመርራል። ስለዚህ እንደወጣ ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ ከ5 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ይዘርጋና በማራገቢያ ይቀዝቅዝ። ወፍጮውም በተራው ዱቄቱን ያሞቀዋል፤ ከተፈጨ በኋላ እንደገና ማብረድ ያስፈልጋል። ሞቅ እንዳለ የታሸገ በሶ እርጥበቱን የፌስታሉ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይጥላል። ከሳምንታት በኋላ ሲከፈት አፉ አካባቢ ባቄላ የሚያክል ጓል ይገኛል፤ ሲሰብሩት ውስጡ ግራጫ ነው፣ ይሸታል። የዱቄቱ እርጥበት ከ10 በመቶ በታች መሆኑን በመለኪያ ሳያረጋግጡ አያሽጉ። የአቆላሉን ቀለም ለማስጠበቅ ደግሞ በደንብ ከተቆላው ጥቂት ፈጭቶ በብርጭቆ ዕቃ ማስቀመጥና እያንዳንዱን ዙር ከሱ ጋር ማስተያየት ይበቃል።

መደባለቂያ ማሽን ሲገዛ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ኪሎን ከሊትር ጋር አንድ ያደርገዋል። 10 ሊትር ባልዲ በድብልቁ ሞልተው ይመዝኑ። 5.5 ኪሎ ከሆነ 200 ኪሎው 364 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። ሪባን መደባለቂያ (ውስጡ ጥምዝ ብረት እየዞረ የሚያዋሕድ ማሽን) በደንብ የሚሠራው 60 በመቶ አካባቢ ሲሞላ ስለሆነ የሚያስፈልገው የ600 ሊትር ማሽን ነው። እስከ አፉ የተሞላ ማሽን የላዩን ዱቄት ያሽከረክራል እንጂ ከታቹ ጋር አያዋሕደውም።

ጨው ትንሽ ስለሆነ ነው አስቸጋሪው። ለአንድ ሰው በ50 ግራም ውስጥ 0.6 ግራም ጨው የታሰበ ከሆነ፣ በ200 ኪሎ 2.4 ኪሎ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ቢደፉት አንዱ ከረጢት ጨው የበዛበት፣ ሌላው አልጫ ይሆናል። ስለዚህ 2.4 ኪሎውን ከ2.4 ኪሎ በሶ ጋር ያዋሕዱ፤ ወደ 4.8፣ ከዚያ ወደ 9.6፣ ከዚያ ወደ 19.2 ኪሎ እጥፍ እያደረጉ ያሳድጉት፤ ከዚህ በኋላ ወደ ማሽኑ ይግባ። ስኳሩና ጨውም እንደ በሶው ልመው ይፈጩ፤ ደቃቁና ሻካራው ሲንቀጠቀጡ ይለያያሉ። በዚሁ ምክንያት ብዙ ማዞር ድብልቁን አያሻሽለውም፣ ሊለያየውም ይችላል። በረጅም ቱቦ ከከፍታ ማፍሰስም እንዲሁ።

ትክክለኛውን ጊዜ ማሽኑ ራሱ ይንገራችሁ። በ5ኛው፣ በ10ኛውና በ15ኛው ደቂቃ ከ10 ቦታ 10 ግራም ናሙና ውሰዱ። እያንዳንዱን በ200 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ በጥብጡና ሲያርፍ የውሃ ጨዋማነት መለኪያ ንከሩበት። የ10ሩ ንባቦች ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ንባቦቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳይ ቁጥር) ለአማካያቸው ተካፍሎ ከ10 በመቶ በታች የወረደበት ደቂቃ ነው የእናንተ ደቂቃ። ማሽን ወይም አዘገጃጀት ከተለወጠ ሙከራው ከመጀመሪያው ይደገማል።

ማሽኑን በውሃ ለማጠብ አትቸኩሉ። ደረቅ ምርት ውስጥ አደጋው ውሃው ነው፤ ሳልሞኔላ የተባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ደረቅ ዱቄት ውስጥ ለወራት ይቆያልና እርጥበት ሲያገኝ ይራባል። ማሽኑን በብሩሽና በመጥረጊያ ያጽዱ፤ ማጠቡ ካልቀረ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ያልተቆላው ገብስ ያለበት ክፍል ሠራተኛ በዚያው ጫማ ወደ ማሸጊያ አይግባ። ገብስ ግሉተን (ለአንዳንድ ሰው የማይስማማ የእህል ፕሮቲን) እንዳለው፣ ወፍጮው ለውዝ ወይም ሰሊጥ ከፈጨም ያንን፣ መለያው ላይ በግልጽ ይጻፉ።

ለሯጭ ስትሠሩ ሌላም ኃላፊነት አለ። በፀረ ዶፒንግ ሕግ አትሌቱ ሳያውቅ ለወሰደውም ተጠያቂ ነው። የምርት ቁጥር የሌለውና ምንነቱ ያልተረጋገጠ «ኃይል ሰጪ» ዱቄት ፈጽሞ አይግባ። ከእያንዳንዱ ዙር 500 ግራም ታሽጎ፣ የጥሬ ዕቃዎቹ የምርት ቁጥር ተጽፎበት፣ የአገልግሎት ጊዜው እስኪያልፍ ይቀመጥ።

ማሸጊያ ላይ በየ30 ደቂቃው 5 ከረጢት መመዘን ነው። አየሩንም ከመታሸጉ በፊት ጨምቃችሁ አስወጡት፤ አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ዝቅ ስለሚል፣ እዚያ አየር ይዞ የታሸገ ከረጢት ጅቡቲ ሲደርስ ተጨማድዶ ይታያል፣ ገዢውም የተቀነሰበት ይመስለዋል። ድሬዳዋ የታሸገው ደግሞ አዲስ አበባ ሲወጣ ይነፋል፤ ስፌቱ ደካማ ከሆነ ይከፈታል።