ዳቦ ያለባቸውን የእንግሊዝኛ አባባሎች እንዴት እንልመዳቸው?

እነዚህን አባባሎች በዝርዝር አትሸምድዷቸው፣ በማግስቱ ይጠፉባችኋል። መጀመሪያ «እዚህ ጋ ዳቦው በምን ምትክ ነው የገባው?» ብላችሁ ጠይቁ።

አብዛኛውን ጊዜ መተዳደሪያ ነው። «የእንጀራ ገመዱ ተበጠሰ» ለምንል ሰዎች ይሄ አይከብድም። «ብሬድዊነር» የቤቱን ወጪ የሚችለው ሰው ነው፣ ወንድም ይሁን ሴት። «ብሬድ ኤንድ በተር» ደግሞ ዋናው የገቢ ምንጭ። አንድ ፎቶ አንሺ ለነፍሱ ተራራና ወፍ እያነሳ የሚኖረው ግን ከሰርግ በሚያገኘው ከሆነ፣ ብሬድ ኤንድ በተሩ ሰርግ ነው። ይቺን የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይም ሳትሳቀቁ ተጠቀሙባት። ቅደም ተከተሉን ግን እንዳትቀይሩ፤ «በተር ኤንድ ብሬድ» የሚል የለም።

ዳቦው የትኛው ጎኑ ቅቤ እንደተቀባ የሚያውቅ ሰው ከተባለ፣ ጥቅሙ ከማን ጋር እንደሆነ የገባው ማለት ነው። ነቀፋ ቢጤ ስላላት አለቃችሁን ለማሞገስ አትሆንም።

ገንዘብም በአራዳ ቋንቋ «ብሬድ» ወይም «ዶው» ይባላል፣ ሊጥ እንደማለት። ከጓደኛ ጋር ጥሩ ነው፣ ማመልከቻ ላይ ግን አይሆንም።

እኔ በጣም የምወዳት «ዩዝ ዩር ሎፍ» ናት፤ ጭንቅላትህን ተጠቀም። ኮክኒ የሚባሉት የምሥራቅ ለንደን ሠራተኛ ሰፈር ሰዎች «ሎፍ ኦቭ ብሬድ» (አንድ ሙሉ ዳቦ) ከ«ሄድ» (ጭንቅላት) ጋር ቤት ስለሚመታላቸው ጭንቅላትን በሱ ተኩት፣ ከዚያ ቤት የሚመታውን ቃል ራሱን ጣሉትና «ሎፍ» ብቻ ቀረ። ይህን ካላወቃችሁ ትርጉሟን ከቃሉ ማውጣት አይቻልም። የብሪታንያ አነጋገር ስለሆነች አሜሪካዊ ላይገባው ይችላል።

አሜሪካዊው ደግሞ አዲስ ነገር ሲያደንቅ «ከተቆራረጠ ዳቦ ወዲህ እንዲህ ያለ አልመጣም» ይላል። በማሽን ተቆራርጦ የታሸገ ዳቦ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸጠው በኦቶ ሮህዌደር ማሽን፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ሚዙሪ ውስጥ ቺሊኮቲ በምትባል ከተማ ነው። ሰዉ ምን ያህል እንደለመደው የታየው በ1943 ነው፦ የአሜሪካ መንግሥት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ከለከለውና ሁለት ወር ሳይሞላ ክልከላውን አነሳ። ስትሰሙት ቃናውን አዳምጡ፣ ለሹፈትም ይውላል።

መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ «እንጀራህን በውኃ ፊት ላይ ጣለው» የሚለውን ከመክብብ 11፥1 ያውቀዋል። እንግሊዝኛውም ምላሽ ሳይጠብቁ መልካም ለማድረግ ይጠቀምበታል።

አሁን አንዷን ብቻ ምረጡ። ቃለ ምልልስ ወይም ፊልም ላይ ማን ለማን እንዳላት አስተውሉ፣ ስለ ራሳችሁ ሥራ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ሥሩባት፣ ከዚያ ጨዋታ መሀል አንዴ ጣል አድርጓት። እዚያው ጨዋታ ላይ ሁለተኛ አትድገሟት፤ የተሸመደደ ይመስላል።