ከጀርመን ቤተሰብ ጋር በመኪና ለዕረፍት እንዴት እንደሚወጣ

ከሙኒክ እስከ ጣልያኑ ጋርዳ ሐይቅ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ክፍት ከሆነ አምስት ሰዓት አይሞላም። በነሐሴ ቅዳሜ ግን ቀኑ መኪና ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ኦፔር ሆኜ፣ ማለትም ከቤተሰብ ጋር እየኖርኩ ልጆች እየጠበቅኩ፣ ጀርመን ሳለሁ ከአስተናጋጆቼ ጋር ሄጄ መጥቻለሁ፤ የምነግራችሁም ከዚያው ነው።

መጀመሪያ፣ ሻንጣ ሳይወጣ፣ አንድ ነገር ጠይቁ፦ የምሄደው ለሥራ ነው ወይስ ለዕረፍት? በጀርመን የኦፔር ሥራ በቀን ከ6፣ በሳምንት ከ30 ሰዓት አይበልጥም። ለ12 ወር ደግሞ 4 ሳምንት ዕረፍት አለ። ልጆች ስትጠብቁ የዋላችሁበት ቀን ከዚያ ላይ አይቀነስም። እኔ ይሉኝታ ይዞኝ ሳልጠይቅ ሄድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ፎጣ ይዤ ሐይቁ ዳር ቆምኩ። በሦስተኛው ቀን የልጆቹ እናት፣ «ውሃ ትፈሪያለሽ እንዴ?» አለችኝ። ለካ ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜ የራሴ ኖሯል! ስለዚህ ሰዓቱን በወረቀት አጽፉት። የት እንደምታድሩም አብራችሁ ጠይቁ። ከልጆቹ ጋር አንድ ክፍል ከሆነ ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ቀጥሎ ወረቀት። ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ፣ ሁለቱንም ዋናውን ያዙ። ኦስትሪያና ጣልያን እንደ ጀርመን ሸንገን ናቸው፤ በመካከላቸው በመደበኛው የድንበር ፍተሻ የለም፤ ግን ወደ ጀርመን ስትመለሱ ፖሊስ ሊያስቆማችሁ ይችላል። ወደ ክሮኤሺያ የሚነዳ ቤተሰብም አለ፤ እሷም ከ2023 ጀምሮ ሸንገን ገብታለች። ካርዳችሁ ገና ካልደረሰ፣ በያዛችሁት ወረቀት ከአገር መውጣትና መመለስ ይቻል እንደሆነ የውጭ ዜጎች ቢሮውን ጠይቁ።

ጾመኛ ከሆናችሁ ይህን አስቡበት። ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1 ነው፤ በእነሱ ኦገስት 7፣ የባቫሪያ (ሙኒክ ያለችበት ክልል) ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሰው ሁሉ መንገድ ሲወጣ። ስለ ጾም ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፤ «እስከ ኦገስት 21 ቪጋን ነኝ» በሏቸው፣ ወዲያው ይገባቸዋል። ጣልያን ስትደርሱ ፒዛ ማሪናራ እዘዙ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ነው፤ አይብ የለበትም።

መኪና ውስጥ ቦታችሁ ብዙውን ጊዜ በሁለት የልጆች ወንበር መሃል ነው። ሎሚ፣ ፌስታልና እርጥብ ሶፍት እጃችሁ ላይ ይሁን፤ ተራራው ላይ ልጆች ያስመልሳቸዋል። በኦስትሪያና በጣልያን ድንበር ያለው የተራራ መተላለፊያ፣ ብሬነር ላይ ስንወጣ አባትየው «አሁን በጣም ከፍ ብለናል» አለ። ከፍታው 1,370 ሜትር ነው። አዲስ አበባ በ1,000 ሜትር ገደማ ትበልጣለች ብዬ ብነግራቸው ትልቁ ልጅ በስልክ ካላረጋገጥኩ አለ።

ምግብ ላይ ተጠንቀቁ። ሳንድዊች ሲሰጧችሁ እንደ አገራችን «አይ፣ ይቅርብኝ» ካላችሁ አለቀ። እናትየው «እሺ» ብላ ክዳኑን ከደነችው። በሞቴ የሚል የለም። እስከሚቀጥለው ማረፊያ ሆዴ እየጮኸ ሄድኩ። በመጀመሪያው ጥያቄ ተቀበሉ።

ጣልያን ገብታችሁ ትንሽ እንደሄዳችሁ የአውራ ጎዳናው ትኬት ይመጣል። ስትወጡ ነው የሚከፈለው፤ ከጠፋ ከሩቁ በር እንደገባችሁ ተቆጥሮ ያስከፍላሉ። ሾፌሩ «ያዢልኝ» ይላል። እኔ ሶፍቱ ማሸጊያ ውስጥ ከትቼው ረሳሁት። ከኋላ ጡሩምባ እየተነፋብን ሦስታችን ወንበር ሥር ስንፈልግ ነበር። የፀሐይ መከላከያው ላይ ሰኩት፣ በቃ።

ገንዘብ ብዙ አያስፈልግም። ምግብና ማደሪያ የእነሱ ነው፤ የወሩ የኪስ ገንዘብ፣ 280 ዩሮውም፣ በዕረፍት አይቆምም። ለጀርመን መንገድ መጸዳጃ ቤቶች ግን የ1 ዩሮ ሳንቲም ይኑራችሁ።

ቆሎ ከያዛችሁ ለትልልቆቹ ብቻ ስጡ፤ ትንሹን ሊያንቀው ይችላል። ትልቁ ልጅ ግማሹን በልቶ ግማሹን ዘራው። ከተመለስን በኋላ አባትየው መኪናውን በቫኪዩም ሲያጸዳ አንድ እፍኝ ገብስ ይዞ መጣና፣ «ይህ ይበቅላል?» አለኝ።

«ተቆልቷል» አልኩት።