የታመመ ሕፃንን በቤት ማስታመም፦ ለድሬዳዋ ወላጆችና አስታማሚዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ሕፃን ሲታመም ሐኪሙ የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ የቀረውን ቀንና ሌሊት አብረውት የሚሆኑት እናቱ፣ አያቱ ወይም ሌላ አስታማሚ ናቸው። የታዘዘው መድኃኒት የሚሠራውም ልጁ በሚገባ ሲጠጣ፣ ሲበላና ለውጡ በጊዜ ሲታይለት ነው። ይህ መመሪያ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን በድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ ለሚያስታምሙ ሰዎች የተጻፈ ሲሆን፣ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ልማድ ይመክራል፤ ልጁን በየሰዓቱ መመልከትና የታየውን መጻፍ።

ለዚህ አንድ ተራ ደብተር ይበቃል። ልጁ ምን ያህል እንደጠጣ፣ ስንት ጊዜ እንደሸና፣ ስንት ጊዜ እንዳስቀመጠው ወይም እንዳስመለሰው፣ ትኩሳቱ ስንት እንደነበርና የትኛው መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደተሰጠው ይመዘገባል። መጻፍ የማይችል አስታማሚ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ እንዲጽፍለት ያድርግ፤ እሱም ከሌለ ለእያንዳንዱ ሽንት አንድ ጭረት ማስመር በቂ ነው። ጥቅሙ በተለይ አስታማሚ በሚፈራረቅበት ቤት ጎልቶ ይታያል። እናት ጠዋት ቀፊራ ገበያ ስትሄድ አያት ትረከባለች፤ ማታ ደግሞ አክስት ትመጣለች፤ ያልተጻፈ ፓራሲታሞልም በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ጤና ጣቢያ ሲደርሱም «ከትናንት ጀምሮ አሞታል» ከሚል ቃል ይልቅ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ወዲህ አልሸናም» የሚለው ለባለሙያው እጅግ የበለጠ ይነግረዋል።

ተቅማጥና ትውከት

በሞቃት ከተማ ውስጥ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ፈሳሽ የሚያጣው በሁለት በኩል ነው፤ በተቅማጡና በላቡ። ሕፃንን የሚገድለውም በአብዛኛው ተቅማጡ ራሱ ሳይሆን የሚወጣው ውኃና ጨው አለመተካቱ ስለሆነ፣ ብዙዎች ለምለም እያሉ የሚጠሩትን ኦአርኤስ ልጁ ሳይደክም ከመጀመሪያው ልል ሰገራ አንሥቶ መስጠት ያስፈልጋል።

አንድ ፓኬት የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ውኃ ነው። ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም በውኃ አጋር የታከመ ይሁን፤ ልኩም በግምት አይያዝ። ባለ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ንጹሕ ጆግ ውስጥ መገልበጥ ትክክለኛውን መጠን ይሰጣል። ውኃው ካነሰ ጨው ይበዛበታልና ልጁን ይጎዳዋል፤ ከበዛም ጥቅሙ ይቀንሳል። ስኳርም ሆነ ተጨማሪ ጨው አይገባበትም። የተበጠበጠው ተከድኖ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል፤ 24 ሰዓት ካለፈውም ተደፍቶ አዲስ ይዘጋጃል።

ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ከእያንዳንዱ ልል ሰገራ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የቡና ሲኒ ገደማ ይሰጠዋል፤ ከሁለት ዓመት በላይ ለሆነው ደግሞ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር። የሚሰጠው በማንኪያ፣ ትንሽ በትንሹ፣ በየአንድና ሁለት ደቂቃው ነው። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ታግሦ ከቀድሞው በዘገየ ሁኔታ መቀጠል ይገባል። ብዙ አስታማሚዎች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ላይ ነው፤ ነገር ግን የሚያስመልስ ልጅም ከሚጠጣው የሚበልጠውን ብዙውን ጊዜ በሆዱ ያስቀረዋል።

ዚንክ ከኦአርኤስ ጋር አብሮ የሚሄድ መድኃኒት ነው። ከስድስት ወር በታች ለሆነ ሕፃን በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ማለትም የ20 ሚሊ ግራሙ ክኒን ግማሽ፣ ከስድስት ወር በላይ ለሆነው ሙሉው ክኒን በእናት ጡት ወተት ወይም በንጹሕ ውኃ ማንኪያ ላይ ሟሙቶ ለ10 ቀን ይሰጣል። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም ዚንኩ አይቋረጥም።

ጡት ማጥባት በፍጹም አይቆምም፤ ይልቁንም ይጨመራል። ምግብ የጀመረ ልጅም ገንፎውን፣ አጥሚቱን፣ ሾርባውን በትንሽ በትንሹ ይብላ። ለስላሳ መጠጥና ስኳር የበዛበት ጭማቂ ተቅማጡን ያብሱታል። የአዋቂዎች ተቅማጥ ማስቆሚያ ክኒን ለሕፃን አደገኛ ነውና ከፋርማሲ በራስ ውሳኔ መግዛት አይገባም።

የውኃ እጥረት ምልክቶችን ለመለየት የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጎ መልቀቅ ነው፤ ቆዳው ወደ ቦታው የሚመለሰው እየዘገየ ከሆነ፣ ዓይኖቹ ከጎደጎዱ፣ የሕፃኑ እርግብግቢት ከሰረጎደ ወይም ስድስት ሰዓት ሙሉ ካልሸና፣ የቤቱ እንክብካቤ ብቻውን አይበቃውም። ደም የቀላቀለ ተቅማጥም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መታየት አለበት።

ትኩሳት

በድሬዳዋ ትኩሳት ሲነሣ ወባና እንደ ወባ በትንኝ የሚተላለፈው ዴንጊ አብረው መታሰብ አለባቸው። ዴንጊ እ.ኤ.አ. በ2013 በከተማዋ በወረርሽኝ መልክ የታየ ሲሆን፣ በ2022 ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው፣ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የምትራባው ትንኝ የወባ ወረርሽኝ አስነሥታለች። ስለዚህ ትኩሳቱ በጀመረበት ዕለት ልጁን ለደም ምርመራ መውሰድ ይገባል። ከሁለት ወር በታች የሆነ ሕፃን ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ምንም ሳይጠበቅ ወደ ሕክምና ይሄዳል።

ለትኩሳቱ የሚሰጠው ፓራሲታሞል ብቻ ነው፤ መጠኑም በልጁ ክብደት በአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ሆኖ በየ6 ሰዓቱ ይሰጣል። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ማታ 12 ሰዓትና ሌሊት 6 ሰዓት ብሎ መያዝ ከመርሳትም ከመደራረብም ያድናል። የሽሮፑ ጥንካሬ ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ የተጻፈው ሁልጊዜ ይነበብ፤ የቤት ማንኪያም ልኩ የተለያየ ነውና ቁጥር ያለውን መስጫ ሲሪንጅ ከፋርማሲ መጠየቅ ይሻላል። አስፕሪን ለሕፃናት አይሰጥም፤ ዴንጊ በሚጠረጠርበት ጊዜም ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደም መፍሰስን ሊያባብሱ ስለሚችሉ መራቅ ያስፈልጋል። ዴንጊ የያዘው ልጅ እጅግ ጥንቃቄ የሚፈልገው ትኩሳቱ ሲበርድለት ነው፤ በዚያን ጊዜ ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ድዱ ወይም አፍንጫው ከደማ ወይም ከተቁነጠነጠ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ትኩሳት ያለውን ልጅ በጋቢ መጠቅለል ሙቀቱን ይጨምርበታል፤ ስስ ልብስ ይበቃዋል። አየር ለማግኘት ግቢ ውስጥ ለሚያድር ቤተሰብም አጎበሩ አብሮ ይውጣ። ዴንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን ስለምትነክስ፣ ሕፃኑ ቀን ሲተኛም አጎበር ሥር ይሁን፤ በርሜሉና ሮቶውም በሚገባ ይከደኑ።

ልጁ ቢንቀጠቀጥ በጎኑ አስተኝቶ፣ በአካባቢው ያለውን ስለታም ነገር አርቆ ሰዓት መያዝ ነው። አፉ ውስጥ ማንኪያ ማስገባት፣ ውኃ ማፍሰስ ወይም ክብሪት ማሽተት ይጎዳል እንጂ አይረዳም። መንቀጥቀጡ ቢቆምም ሕክምና ያስፈልገዋል፤ በተለይ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ።

ሳልና የትንፋሽ ችግር

ልጁ ሳያለቅስ፣ ጸጥ ባለበት ጊዜ ልብሱን ገልጦ ትንፋሹን ሙሉ አንድ ደቂቃ መቁጠር ያስፈልጋል። ከሁለት ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል፤ የሳንባ ምችም ሊሆን ይችላል። አየር በሚስብበት ጊዜ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ሳልን፣ ትኩሳትንና ተቅማጥን ያድናሉ ተብሎ ዛሬም ይደረጋሉ፤ ሁለቱም ለደም መፍሰስና ለከባድ ኢንፌክሽን ይዳርጋሉ፤ በየትኛውም ሁኔታ መደረግ የለባቸውም።

ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ልጅ

አስም ላለበት ልጅ ዋናው ሥራ ጭስን ከቤት ማስወጣት ነው። የቡናው ከሰልና ዕጣን ውጭ ይሁን፤ በርጫ በሚቀመጡበትና ሲጋራ በሚጨስበት ክፍል ውስጥ ልጁ አይተኛ፤ መስኮት መክፈት ብቻ አይበቃም። የሚነፋው መድኃኒት ለትንሽ ልጅ በቀጥታ ወደ አፉ ከተረጨ አብዛኛው ጉሮሮው ላይ ስለሚቀር፣ በመካከል ስፔሰር፣ ማለትም የተረጨውን መድኃኒት ልጁ እስኪስበው የሚይዝ ባዶ ዕቃ፣ ያስፈልጋል። ይህ ከጠፋ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ታች በመድኃኒቱ አፍ ልክ ተቀዶ ሊያገለግል ይችላል፤ አሠራሩን ግን የሚከታተለው ባለሙያ ይየው። መድኃኒቱን አንቀጥቅጦ አንድ ጊዜ መርጨት፣ ልጁ አምስት ስድስት ጊዜ እስኪተነፍስ መጠበቅ፣ ከዚያ ሁለተኛውን መርጨት ነው።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ለወራት ባይጥለውም መድኃኒቱ በድንገት አይቆምም፤ በድንገት ማቋረጥ ረጅምና አደገኛ መንቀጥቀጥ ያስነሣል። ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው መግዛት ያስፈልጋል።

የስኳር በሽታ ላለበት ልጅ በዚህ ከተማ ይበልጥ የሚያስጨንቀው የመድኃኒቱ የኢንሱሊን አቀማመጥ ነው። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ ይቀመጣል፤ በረዶ ከነካው አይሠራም። ፍሪጅ የሌለው ወይም መብራት የሚጠፋበት ቤት ትልቅና ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ወስዶ ትንሹን በትልቁ ውስጥ አስቀምጦ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ መሙላትና በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን ይችላል። ውኃው በሚተንበት ጊዜ የውስጡን ማሰሮ ያቀዘቅዘዋል፤ ስለዚህ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ይመረጣል፤ አሸዋውም ጠዋትና ማታ ይርጠብ። ብልቃጡ እንዳይረጥብ በፕላስቲክ ይጠቅለል። ጥርት ያለው ኢንሱሊን ከደፈረሰ፣ ነጣ ያለውም በመዳፍ ሲንከባለል ጓል ከያዘ ይጣላል።

ኢንሱሊን የሚወስደው ልጅ በድንገት ካላበው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ያለ ምክንያት ከተነጫነጨ ወይም ከደበተው ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። መዋጥ ከቻለ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር በትንሽ ውኃ ይሰጠውና ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገም፤ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ምንም ፈሳሽ አይፈስበትም፤ በጎኑ አስተኝቶ ጥቂት የረጠበ ስኳር በጉንጩ ውስጥ መቀባትና ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

ሳይዘገይ ወደ ሕክምና

መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ለመንቃት ካስቸገረ ጠዋት እስኪሆን መጠበቅ አይገባም። ቀርቦ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል በባጃጅ መድረስ ይቻላል፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። በጉዞ ላይም መጠጣት ለሚችል ልጅ ኦአርኤሱ በማንኪያ፣ ጡቱም ይቀጥል። ደብተሩን፣ የክትባት ካርዱንና የመድኃኒቶቹን ጠርሙስ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ሪፈር ተጽፎ ሐረር ወደሚገኘው ሕይወት ፋና ሆስፒታል ቢላክ፣ እዚህ የተሰጠው መድኃኒትና ሰዓቱ በወረቀቱ ላይ መስፈሩን ከመነሣት በፊት ማረጋገጥ ይገባል።

ወደ ቤት ሲመለስ ባለሙያው የተናገረውን አስታማሚዋ በራሷ አነጋገር መልሳ ትንገረው፤ ያልገባት ካለ ወዲያው ይታያል። ልጁ ካገገመ በኋላም ለሁለት ሳምንት ያህል በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ይሰጠው፤ ክብደቱም በቀጠሮው ቀን ይመዘን። ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ ወይም ክንዱን የሚለካው ሪባን ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ካሳየ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ መመለስ ያስፈልጋል።