ተዳፋት ላይ ያለን ሣር በማሽን እንዴት ማጨድ እንደሚቻል

መሬቴ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ወደ ወንዝ የሚያዘቀዝቅ ጎን ነው፤ ከላይ ቀይ አፈር፣ ከታች ዋልካ። ሁለት የወተት ላሞችና አንዲት ጊደር ስላሉኝ በጋውን የምንሻገረው በድርቆሽ ነው። ቀድሞ በወንፈል፣ በማጭድ ነበር የምናጭደው። ጎረምሶቹ ወደ ከተማ ሲሄዱ ወንፈሉ ሳሳ። ሣሩ ቆሞ ደርቆ እንጨት እየሆነ ሲያስቸግረኝ በትከሻ የሚንጠለጠለውን የሣር ማጨጃ ማሽን ገዛሁ። ዘንድሮ አራተኛ ዓመቴ ነው። በእነዚህ ዓመታት አንድ ሞተር አበላሽቻለሁ፣ አንዲት ልጅም በእኔ ጥፋት ተጎድታለች። ሁለቱንም ሌላ ሰው እንዳይደግማቸው ስለምፈልግ ዝም ብዬ አላልፋቸውም።

የትኛው ማሽን

«ተቀምጠው የሚነዱት አይሻልም ወይ?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። በተለይ ያ ዜሮ ተርን የሚሉት፣ በሁለት መዘውር እየተነዳ በቆመበት የሚዞረው፣ በቪዲዮ ሲያዩት ያስጎመጃል። ለሜዳ ግቢ ድንቅ ነው። ለተዳፋት ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም የፊት ጎማዎቹ እንደ ቢሮ ወንበር ጎማ ወደ ተገፉበት የሚዞሩ ናቸው፤ የሚመራውም የሚያቆመውም በኋላ ሁለት ጎማዎች ብቻ ነው። ርጥብ ሣር ላይ የኋላ ጎማ ከተንሸራተተ መሪም ፍሬንም አብረው ይሄዳሉ። ብዙ አምራቾችም ከ15 ዲግሪ በላይ በሚያዘቀዝቅ መሬት ላይ አትንዱት ብለው ያስጠነቅቃሉ።

የመሬታችሁን ተዳፋትነት ለማወቅ የልማት ሠራተኞች እርከን ሲቀይሱ የሚይዙት ገመድና ውሃ ልክ ይበቃል። 5 ሜትር ገመድ ውሰዱ፤ አንዱን ጫፍ ላይኛው ቦታ መሬት ላይ አስይዙ፣ ሌላውን ወደ ታች ወስዳችሁ ውሃ ልኩ እስኪስተካከል ዘንግ ላይ ከፍ አድርጉት። ገመዱ ዘንጉን የነካበት ቦታ ከመሬት 1 ሜትር ከ34 ሴንቲ ከሆነ 15 ዲግሪ ነው። 2 ሜትር ከ33 ሲደርስ 25 ዲግሪ ሆኗል። እኔ ከዚያ በላይ በትከሻ የሚያዘውንም ማሽን አላወጣም። እዚያ ያለው ሣር የማጭድ ነው።

በትከሻ ከሚያዙት ውስጥ እንደ ብስክሌት መሪ ሁለት እጀታ ያለውን ምረጡ። እጀታው ሰፊ ስለሆነ ስለቱ ወደ እግር እንዳይመጣ ይከላከላል። ማንገቻውም ሁለቱንም ትከሻ የሚይዝ፣ በአንድ ጉተታ የሚፈታ ይሁን። ከዕቃው ጋር በነፃ የሚሰጠው በአንድ ትከሻ የሚታነገት ቀጭን ገመድ ሜዳ ላይ እንኳ ወገብ ይሰብራል። በብረት ስለት ፋንታ ስለሚገጠመው ክር (ናይለን) ደግሞ አቋሜ ግልጽ ነው። ለግቢ ጥግና ለአጥር ሥር ይሁን፤ ለድርቆሽ ግን ሣሩን ፈጭቶ ከአፈር ጋር ይለውሰዋል፤ ከብቱም አይበላውም። ለድርቆሽ የብረት ስለት ነው።

ቤንዚኑና ዘይቱ

እንደ እኔ ማሽን ያለ ባለ ሁለት ምት ሞተር የራሱ የዘይት ቋት የለውም። ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ይህን እያወቅሁ፣ ሳይቀላቀል በሃይላንድ የተቀመጠ ቤንዚን የተቀላቀለው መስሎኝ ሞላሁበት። ሩብ ሰዓት እንኳ አልሠራም። ድምፁ ቀጠነ፣ ጮኸ፣ ቀጥ አለ፤ የማስነሻው ገመድም አልጎተት አለ። ሞተሩ ነክሶ ነበር። ፒስተኑና ሲሊንደሩ ተፋፍቀው የጥገናው ዋጋ የአዲስ ማሽን ግማሽ ሆነብኝ።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይኼ ነው፦ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት። ይኼ 25 ለ1 የሚባለው ነው። መመሪያው 50 ለ1 የሚል ከሆነ 20 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በዓይን አትገምቱ፤ ከመድኃኒት ቤት ባለ 20 ሚሊ ሲሪንጅ ገዝታችሁ በእሱ ለኩ። የመኪና ሞተር ዘይት አይተካውም። የተቀላቀለውን ዕቃ ቀይ ጨርቅ እሰሩበት፣ ያልተቀላቀለውን ደግሞ ጭራሽ ወደ ማሳ አትውሰዱት።

ከፍታው የሚያደርገው

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት፣ ወደ ጮቄ ስትወጡ ደግሞ ይብሳል። በዚህ ከፍታ አየሩ የሳሳ ስለሆነ ማንኛውም ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ብላችሁ አስሉት፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሩብ ያህል ጉልበት ጠፍቷል። ስለዚህ ማሽኑ ደካማ ቢመስላችሁ ዕቃው አስመስሎ የተሠራ ነው ብላችሁ አትፍረዱ። ቤንዚኑ ግን ከአየሩ አንጻር ይበዛበታል፤ ጭስ ያበዛል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል። መካኒክ ዘንድ ወስዳችሁ ካርቡራተሩን ለዚህ ከፍታ አስተካክሉት። የተስተካከለውን ማሽን ወደ ዓባይ በረሃ ይዛችሁ ከወረዳችሁ ግን እንደገና መስተካከል አለበት። እዚያ አየሩ ስለሚወፍር ቤንዚንና ዘይት ያንሰውና በሙቀት ሊነክስ ይችላል።

እግረ መንገዳችሁን ሚኒሞውን፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጠው ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት፣ አሳዩት። ነዳጅ መስጫውን ስትለቁ ስለቱ መቆም አለበት። ሚኒሞው ከፍ ብሎ ስለቱ ዝም ብሎ የሚዞር ማሽን ይዞ ተዳፋት ላይ መቆም አደጋ ነው።

ስለቱን ማሰር

የስለቱ ዳዶ ጥርሱ ግራ ነው። የሚጠብቀው ወደ ግራ፣ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ይህን ያልነገሩት ሰው ቁልፍ ይዞ እየታገለ ጥርሱን ይበላዋል። ካሰራችሁ በኋላ ስለቱን በእጅ አዙሩት፤ ከተወላገደ ወይም ከተሰነጠቀ ጣሉት። አስበይዳችሁ አትጠቀሙበት።

ማሳውን በእግር መሄድ

ይኼን የተማርኩት ከአንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሞተር አስነስቼ ልገባ ስል አስቆመኝና፣ «በማጭድ ስናጭድ እጃችን ድንጋዩን ሁሉ ያውቀዋል፤ ይኼ ብረትህ ግን አያውቀውም» አለኝ። እኔም «እሺ አያ፣ ነገ እለቅመዋለሁ» ብዬ ገባሁ።

በዚያው ቀን ከሰዓት ስለቱ ከፈረሰ እርከን የወጣ ድንጋይ መታ። የእህቴ ልጅ ከታች በኩል ሣር ትሰበስብ ነበር። የተስፈነጠረው ስባሪ ከቅንድቧ በላይ መታት። ዓይኗን በአንድ ጣት ስፋት ሳታት። ጠባሳው ዛሬም አለ፤ ባየሁት ቁጥር ያመኛል።

ስለዚህ ሞተር ከመነሣቱ በፊት፣ ቢቻል በዋዜማው፣ ማሳውን ዘንግ ይዛችሁ በእግራችሁ ሂዱት። እርከኑ የፈረሰበትን፣ ውሃው የቦረቦረውን፣ ተቆርጦ የቀረ የባሕር ዛፍ ጉቶና የአጥር ሽቦ ያለበትን እየፈለጋችሁ ድንጋዩን ልቀሙ፤ የማይለቀመው ዘንድ ረጅም እንጨት ተክላችሁ ጨርቅ እሰሩበት። ተርብም እርከን ድንጋይ ውስጥ መኖር ይወዳል፤ በዘንግ ስትነካኩት ይታወቃል። ሲታጨድ ማንም ሰው፣ ማንም ከብት ከ15 ሜትር በቅርብ አይቁም፤ ከታች በኩል ደግሞ ጭራሽ አይኑር። ድንጋይ ወደ ቁልቁለት ሲወረወር ሜዳ ላይ ከሚሄደው አልፎ ይሄዳል። ለራሳችሁ የዓይን መከላከያ፣ ረጅም ሱሪ፣ ጥርስ ያለው ቦቲ። በኮንጎ ጫማ ተዳፋት ላይ ማሽን የያዘ ሰው ሳይ ሆዴ ይሸበራል።

አጨዳው

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ሽቅብ ወይም ቁልቁል እየሄዳችሁ አትጨዱ። ቁልቁል ስትሄዱ ከተንሸራተታችሁ የምትወድቁት ስለቱ ባለበት አቅጣጫ ነው። ሽቅብ ስትሄዱ ደግሞ ስለቱ ከፊታችሁ ያለውን አፈር ይቆፍራል፣ ትንፋሽም ያሳጥራል። እርከን እንደሚሠራበት፣ በሬ እንደሚያርስበት አግድም ሂዱ።

አግድሙም አቅጣጫ አለው። የእነዚህ ማሽኖች ስለት ከላይ ሲታይ ወደ ግራ ይዞራል። ማጨጃ ውርወራውም ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ የምትመልሱት ባዶውን ነው። የታጨደው ሣር በግራችሁ ይከመራል። እንግዲህ ዳገቱን በቀኛችሁ፣ ቁልቁለቱን በግራችሁ አድርጋችሁ ብትሄዱ ሣሩ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርድና ረድፍ ሠርቶ ይተኛል፤ ያልታጨደው ላይ አይጋደምም። ስለቱን ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ካደረጋችሁት ረድፉ ይበልጥ ይስተካከላል። የማሳው ዳር ስትደርሱ ዞራችሁ እያጨዳችሁ አትመለሱ። ጋዙን ለቅቃችሁ፣ ባጨዳችሁት ላይ ባዶውን ተመለሱና ቀጣዩን ረድፍ ከመጀመሪያው በላይ ጀምሩ። ስለዚህ ሥራው ከታች ወደ ላይ ነው የሚያድገው። ባዶውን መመለስ ጊዜ ያባክናል የሚሉኝ አሉ። እኔም ለአንድ ወቅት በሁለቱም አቅጣጫ ሞክሬ ነበር። ሲመለስ የታጨደው ሣር በቆመው ላይ እየተጫነ ስለቱ ላይ ይጠመጠማል፤ በየአሥር እርምጃው ሞተር አጥፍቶ መፍታት ይመጣል። ባዶ መመለሱ ይፈጥናል፣ ወገብም ያሳርፋል።

ስለቱን እንደ ሰዓት ፊት አስቡት፤ 12 ከፊታችሁ ነው። የሚያጭደው በግራ በኩል፣ ከ8 እስከ 11 ያለው ነው። ከ12 እስከ 3 ያለው ግን ጠንካራ ነገር ከነካ ማሽኑን በድንገት ወደ ቀኝና ወደ ኋላ ይመታዋል፤ የያዘውን ሰው ያሽከረክረዋል። ሜዳ ላይ ሁለት እርምጃ ተንገዳግዳችሁ ትቆሙ ይሆናል፤ ተዳፋት ላይ ግን እግር የሚቆምበት የለም። ለዚህ ነው በእርከን ጥግና በጉቶ ዙሪያ ያለውን ሁለት ክንድ ያህል ሣር ሁልጊዜ ለማጭድ የምተወው።

እግራችሁን ከትከሻ ሰፋ አድርጋችሁ ቁሙ፤ የታችኛውን እግር መጀመሪያ አስረግጡ፣ ከዚያ የላይኛውን አስከትሉ። ወገብ ይዙር እንጂ ክንድ ብቻውን አይወርውር። ጤዛው ሳይጠፋ አትጀምሩ፤ እኔ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ጎኑ ላይ አልወጣም። ዋልካ ደግሞ ርጥብ ከሆነ ጭራሽ ይቅር፤ ጫማ ላይ ተለጥፎ ጥርሱን ይደፍነዋል። ብትንሸራተቱ ጋዙን ልቀቁ፣ ማንገቻውን ጎትታችሁ ፍቱና ማሽኑን ተዉት። ስለቱ ከለቀቃችሁ በኋላም ጥቂት ሴኮንድ ይዞራልና ለመያዝ አትዘርጉ። የማንገቻውን አፈታት ቤት ውስጥ፣ ሞተር ጠፍቶ፣ ዓይን ጨፍኖ እስኪቻል ድረስ ተለማመዱት።

አንድ ታንክ ነዳጅ ሲያልቅ እረፉ። እጅ መደንዘዝ ከጀመረ ደግሞ ታንኩ ባያልቅም አቁሙ። የምትሞሉት ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከደረቁ ሣር ርቃችሁ ነው።

መቼ፣ ስንት ቁመት

እኛ አገር ልማዱ ሣሩ ዘሩን ጥሎ ቢጫ ሲሆን፣ ኅዳር ላይ ማጨድ ነው። ይደርቃል፣ ግን ገለባ ነው። ግማሽ ያህሉ ሲያብብ፣ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ የታጨደው ላሜ ላይ በወተት ይታየኛል። ችግሩ ዝናቡ ገና አለመቆሙ ነው። ስለዚህ ሁሉን በአንድ ቀን አትጣሉት፤ በሁለት ቀን ገልብጣችሁ የምትሰበስቡትን ያህል ብቻ እጨዱ። አራት ጣት ያህል ቁመት ይቅርለት፤ ሥሩ ቶሎ ያቆጠቁጣል፣ አፈሩንም ይይዛል። በማኅበር የተከለለ ተፋሰስ ውስጥ የምታጭዱ ከሆነ ደግሞ ከችግኞቹ ራቁ፤ ስለቱ ከሣር አይለያቸውም።

ከሥራ በኋላ

ፊልትሮውን አራግፉ፣ ስለቱን ሞርዱ፤ ስትሞርዱ ሁሉንም ጥርስ እኩል አድርጉት፣ አለበለዚያ ይንቀጠቀጣል። በወቅቱ ማብቂያ ታንኩን ባዶ አድርጉና ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው አልቆ እስኪጠፋ ሞተሩን አሠሩት። የተቀላቀለ ቤንዚን እስከሚቀጥለው መስከረም ከቆየ ተጣብቆ ቀዳዳውን ይደፍናል። ስለቱን የሚያዞረው የማርሽ ራስ ላይ ያለችውን ቡሎን ፈትታችሁ ግሪስ ጨምሩ። ከዚያ ስለቱን አውልቃችሁ ለብቻው በጨርቅ ጠቅልሉት፣ ማሽኑንም ሕፃን ከማይደርስበት ግድግዳ ላይ ስቀሉት።