ከአራት ኪሎ ሳትርቁ የአሸዋ ድንጋይ እንዴት ይነበባል

የጥንት ሕይወት አሻራ በአሸዋ ድንጋይ ላይ ለማንበብ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ አጥንት መፈለጉን እርሱት። ሉሲ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ስላለች ቅሪተ አካል ሲባል ሁላችንም የሚታየን አጥንት ነው። እሷ ግን 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፤ እዚህ የምናወራው ስለ መጀመሪያው ሕይወት፣ ስለ ቢሊዮኖች ዓመታት ነው። ያኔ አጥንት ያለው ፍጡር ገና የለም። ከቀሩልን ነገሮች አንዱ አሸዋው ላይ የታተመ ምልክት ነው።

ምልክቱ እንዴት እንደሚታተም ካልገባችሁ ምን እንደምትፈልጉም አታውቁም። ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ረቂቅ ተሕዋስያን አሸዋው ላይ ዝልግልግ ያለ ስስ ንጣፍ ይሠራሉ። ንጣፉ የአሸዋውን ቅንጣቶች አጣብቆ ስለሚይዝ ማዕበል ሲመጣ አሸዋው ዝም ብሎ አይበተንም፤ ይሸበሸባል፣ ይጠቀለላል፣ ይቀደዳል፣ ከላዩ ሌላ አሸዋ ሲደፋበት ደግሞ ሽብሽቡ እንዳለ ይቀራል። በምዕራብ አውስትራሊያ ፒልባራ 3.48 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ባለው ድንጋይ ላይ እንዲህ ዓይነት ምልክት እንዳለ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ጽፈዋል። ከዚያ በጣም ዘግይተው፣ የዛሬ 550 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ፣ ለስላሳ ገላ ያላቸው ፍጥረታት በዚሁ ንጣፍ ላይ ይኖሩ ነበር። ሬጅ ስፕሪግ የሚባል ጂኦሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1946 በደቡብ አውስትራሊያ ኢዲያካራ ኮረብታዎች የአሸዋ ድንጋይ ላይ ያገኘው የእነሱን አሻራ ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን። አዲስ አበባ የተቀመጠችው እሳተ ገሞራ በተፋው ድንጋይ ላይ ስለሆነ ጥቁሩ የግንብ ድንጋይም ኮብሉም አይጠቅማችሁም፣ እለፉት። የምትፈልጉት የአምቦ ድንጋይ ነው፤ በየአጥሩና በየሕንፃው ፊት የሚለጠፈው፣ ቢጫ ወይም ቀላ ያለው፣ በጣት ሲዳሰስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክረው። እውነቱን ለመናገር እሱም ለዚህ ጉዳይ ልጅ ነው፤ የሜሶዞይክ ዘመን ነው፣ ማለትም ከ252 እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የተፈጠረ። የመጀመሪያውን ሕይወት አታገኙበትም። ዓይን ለማሠልጠን ግን ከእሱ የተሻለ በቅርብ የለም።

ሰዓት ምረጡ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ፀሐይ በጎን ስትመታ ትንሿ ጉብታ ሳትቀር ጥላ ትጥላለች፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ግድግዳው ልሙጥ ይመስላችኋል። ፀሐይ ከሌለ የስልክ ባትሪ አብርታችሁ ከጎን፣ ግድግዳውን ሊነካው እስኪደርስ አስጠጉት። የካሜራ ፍላሽ አይሆንም፣ ፊት ለፊት ስለሚያበራ ጥላውን ሁሉ ያጠፋዋል።

ከዚያ ንብርብሩን ፈልጉ፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ በኋላ ነው። አሸዋው በየጊዜው የተደፋበት መስመር በየትኛው አቅጣጫ እንደሚሄድ ካወቃችሁ ድንጋዩ በየት በኩል እንደተቆረጠ ይገባችኋል። ትል ወይም ሌላ እንስሳ አሸዋውን ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከቆፈረ፣ ንብርብሩን አቋርጦ የተቆረጠ ድንጋይ ላይ ጉድጓዱ እንደ ቋሚ ዘንግ ይታያል። ንብርብሩን ተከትሎ በተሰነጠቀው ላይ ደግሞ ያው ጉድጓድ ክብ ነጥብ ይሆናል። ብዙ ሰው ነጥቧን የዝናብ ጠብታ ነው ብሎ ያልፋታል።

የሚያታልሉትን ነገሮች ቀድማችሁ ልመዱ፣ ምክንያቱም ከእውነተኛው ይልቅ እነሱ ይበዛሉ። ቅጠል የመሰለ ጥቁር ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የደረቀ ማንጋኒዝ የሚባል ማዕድን ነው፤ በጣት ብትዳስሱት ጉብታም ጉድጓድም የለውም። ያማሩት ቀያይ ቀለበቶች ብረት ያዘለ ውሃ የተዋቸው ናቸው፣ ንብርብሩን ሳያዛቡ ከላዩ አቋርጠው ያልፋሉ። እውነተኛ ጉድጓድ ግን ንብርብሩን ይሰብረዋል ወይም ያጎብጠዋል፣ ብዙ ጊዜም ውስጡ በተለየ አሸዋ የተሞላ ነው። በእኩል ርቀት የተደረደረ ጭረት ካያችሁ ደግሞ የመጋዝ ወይም የጠራቢው መሮ ሥራ ነው። ባለሙያም ቢሆን በዚህ ይከራከራል፦ ግሪንላንድ ውስጥ 3.7 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የሕይወት አሻራ ተገኘ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2016 ከታተመ በኋላ፣ በ2018 ሌሎች ሄደው ድንጋዩ ሲታጠፍ የተፈጠረ ቅርፅ ነው አሉ።

ጥበቃው መምጣቱ አይቀርም። ግድግዳ ላይ ባትሪ የሚያበራ ሰው ማንም ቢሆን ያጠራጥራል፣ አትቆጡ። «ጋሼ፣ ድንጋዩን ነው የማየው፣ ሕንፃውን አላነሳም» በሉና ሳንቲም ድንጋዩ ላይ ለመጠን አስደግፋችሁ ያነሳችሁትን ፎቶ አሳዩት። አንዳንዱ «እዚያ ጋር የተሻለ አለ» ብሎ ራሱ ይመራችኋል።

ዓይናችሁ ሲለምድ ደብረ ሊባኖስ ውረዱ፤ ገደሉ ላይ ከላይ ባዛልቱ (ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ)፣ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋዩ በግልጽ ይለያሉ። በዕድሜ ወደ ኋላ ለመሄድ ደግሞ ትግራይ ውስጥ ያለው የእንጢጮ የአሸዋ ድንጋይ አለ፣ ሜሶዞይክን በጣም ከሚቀድመው ከኦርዶቪሺያን ዘመን ጀምሮ የሚቆጠር፣ የጥንት ባሕር እንስሳት ዱካ የተገኘበት።

እዚያ ስትደርሱ መዶሻ አትያዙ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅሪተ አካል ቅርስ ነው፣ በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን በስልካችሁ ጂፒኤስ መዝግቡ፣ የትኛው ንብርብር ላይ እንደሆነም ጻፉ። ከቦታው የተነቀለ ድንጋይ ከየትኛው ንብርብር እንደመጣ ካልታወቀ ዕድሜውን የሚነግራችሁ ሰው አታገኙም።